ስለ ጋሼ መካኒክ እና ስለ ቅጣት መዝገባችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ ላይ የተለዩንን አባላት ስም እየጠራን፣ ቆመን የኅሊና ጸሎት አድርሰን፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ ማለፍ ልማዳችን እንደሆነ የታወቀ ነው። ዘንድሮ ግን ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት በአንድ ሰው ላይ ጥቂት ቆም እንድንል ኮሚቴው ወስኗል። እኒህ ሰው ከሌሎቹ ሟቾች ስለሚበልጡ ነው እንዳትሉን፤ በዕድር ቤት የሚበላለጥ ሬሳ የለም። ነገሩ እኛ በእሳቸው ላይ ያደረግነው ነገር ስላለና እሱንም ተናግረን መውጣት ስላለብን ነው።

ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ቤተሰባቸው «ስሙ ከገንዘብ ነገር ጋር በጽሑፍ አይውጣብን» ብሎ ስለ ለመነን፣ የሰፈሩ ልጆች ይጠሯቸው እንደነበረው እኛም «ጋሼ መካኒክ» እንላቸዋለን።

ጋሼ መካኒክ ትውልዳቸው ከታች፣ ከይፋት ቆላ ነው። ከግንቦት 1953 ዓ.ም ጀምሮ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። ማጀቴ የፈረሰችው፣ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደውም መንገድ የተሰነጣጠቀው ያን ጊዜ ነው። እሳቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩና መንገዱን ሊጠግኑ ከመጡት ሰዎች ዘንድ ድንጋይ ለቃሚ ሆነው በቀን ሥራ ገቡ። ኋላ ሲያጫውቱን ምን ይሉ ነበር መሰላችሁ? «ሰው ሁሉ ምድር ተናወጠች ብሎ ሲጨነቅ፣ እኔ ሞኙ ያንን ዶዘር ቆሜ ሳይ ዋልኩ። ሃምሳ ሰው የማያነቃንቀውን ድንጋይ አንድ ሰው ተቀምጦ ሲገፋው አየሁ። በማግስቱ ደግሞ ያው ዶዘር ተበላሽቶ ቆመ። ያን ጊዜ ሁሉም የሚጠብቀው የሚነዳውን ሳይሆን የሚጠግነውን ሰው ሆነ። እኔም ያንን ሰው መሆን አማረኝ።»

እንዳማራቸውም ሆኑ። ከዓመታት በኋላ በአለም ገና በሚገኘው የመንገድ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ገብተው የከባድ መሣሪያ ጥገና ተማሩ፤ ከዚያም በአውራ ጎዳና ሥራ ተቀጥረው ወደዚሁ ወደ አገራቸው መንገድ ተመለሱ።

ይህ መንገድ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ለወጣቶቻችን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ ደብረ ሲና ከመድረሱ በፊት ጣርማበር ላይ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። እኛ እስከ ዛሬ የሙሶሎኒ ዋሻ የምንለው፣ ስድስት መቶ ሜትር ግድም የሚረዝመው ዋሻ ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ነው። ከነፃነት በኋላ መንገዱ ጠጋኝ አጥቶ ተጎሳቆለ። በ1943 ዓ.ም መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ አምስት ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪቃ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዶዘርና ግሬደር፣ ሩሎና ሎደር በብዛት ወደ አገራችን መግባት የጀመረው፣ ሙያውም ለድኻ ልጅ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ መንገዱን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ግን ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ግድም ናት። ጣርማበር ደግሞ ከሦስት ሺህ ሜትር ያልፋል። በአንድ ቀን መንገድ ማንጎና ፓፓያ ከሚበቅልበት ሙቀት ተነሥቶ፣ ጋቢ ለብሶ እንኳ ከሚንቀጠቀጡበት ጉም ውስጥ መግባት ነው። ሰው ሲቸገር ሞተርም ይቸገራል። በሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ ናፍታው በደንብ አይቃጠልም፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ገደሉ ይናዳል። በ1998 ዓ.ም መስከረም በይዛባ በኩል መሬቱ ተንሸራቶ የስንቱን ቤትና ማሳ ይዞ እንደሄደ ያየን ሰዎች እዚህ አለን። የእኛ ተራራ ቁሞ የሚያድር ተራራ አይደለም።

ጋሼ መካኒክ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት በዚህ ተራራ ላይ ነው። ሥራቸው ጋራዥ ውስጥ ብቻ አልነበረም። መሣሪያው የቆመው ገደል አፍ ላይ ከሆነ ክሪኩንና የመፍቻውን ሣጥን ተሸክመው እዚያው ይሄዱ ነበር። ናፍታው መስመር ውስጥ አየር ገብቶ ሞተር ሲታነቅ ብሎኑን ላላ አድርገው፣ በእጅ ፓምፑ እየገፉ አረፋው እስኪያልቅ ያስተነፍሱታል። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው ወተት መስሎ ካገኙት «ውሃ ገብቶበታል፤ ወይ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ አታስነሣው» ይላሉ። የዶዘር ሰንሰለት ከላላ ከመንኮራኩሩ ይወልቃል፤ ከጠበቀም ራሱን ይበላል። የልኩን ነገር ግራሶ እየሞሉ በእጃቸው ነበር የሚያውቁት። ኩሽኔታ መጮህ ከመጀመሩ በፊት ጆሯቸውን በብረት ዘንግ ላይ አስደግፈው ያዳምጡት ነበር። ኋላ ጆሯቸው የደከመውም በዚያው በሞተር ጩኸት ነው። በለቅሶ ቤት ጮክ ብለው ሲያወሩ ብዙዎቻችን ታዝበናቸዋል፤ ጠበኛ የመሰሉትም ሰው ነበረ።

ረዳት ሆኖ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነበር፤ «የዶዘሩን ምላጭ መሬት ላይ ሳታሳርፍ ከሥሩ እንዳትገባ» የሚል። ምላጩን ተንጠልጥሎ የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው፤ ቱቦው ከተበሳ ያ ሁሉ ብረት በቅጽበት ይወርዳል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ቸኩሎ ሳያሳርፍ ገብቶ ኖሮ እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡትና «አንተ ልጅ፣ ማታ እናትህ በር ላይ ቁማ የምትጠብቀው አንተን ነው፣ ዶዘሩን አይደለም» አሉት። ይህንን የነገረን ያው ልጅ ነው፤ ዛሬ ሽበት አውጥቶ የልጅ ልጅ አይቷል።

አሁን ወደ ቤታቸው እንግባ። የዕድር ሰው የሚታወቀው ከቤቱ ነውና።

ባለቤታቸውን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አውቶቡስ ደብረ ሲና ሲቆም «ቆሎ! ቆሎ!» እያሉ በመስኮት ከሚሸጡት እናቶች አንዷ ነበሩ። ጋሼ መካኒክ ለሳምንትና ለሁለት ሳምንት ካምፕ ያድራሉ፤ ቅዳሜ ማታ በተገኘው መኪና ይመጣሉ። ቤት ከመግባታቸው በፊት ደጅ ላይ ቱታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን በናፍታ፣ ቀጥሎ በአመድ፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጥበው ነበር ልጆቻቸውን የሚያቅፉት። ያም ሆኖ ግራሶው ከጥፍራቸው ሥር ወጥቶ አያውቅም። ታላቅ ልጃቸው «እኛ ቤት የቅዳሜ ሽታ ናፍታና ቆሎ ነበር» ትላለች።

ደመወዝ ሲቀበሉና መምጣት ሳይችሉ ሲቀሩ በሚያምኑት ሾፌር እጅ በፖስታ ይልኩ ነበር። በፖስታው ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ወረቀት አለች። ባለቤታቸው ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹን አስቀምጠው ስላሳዩን አይተናቸዋል። የመጀመሪያው መስመር በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ «ለዕድር» ይላል። ከዚያ «ለቤት ወጪ»፣ ከዚያ «ለልጆች ደብተር»፣ ከዚያ «ለእማማ መድኃኒት» እያለ ይወርዳል። እማማ የተባሉት የባለቤታቸው እናት ናቸው፤ በቤታቸው አሥራ አንድ ዓመት ተጦረው ነው ያረፉት። ለራሳቸው የሚሉት መስመር በየትኛውም ወረቀት ላይ አላገኘንም።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ በደመወዝ ጭማሪ ተዛውረው እንዲሠሩ ተጠይቀው ነበር። ያን ጊዜ እማማ አልጋ ይዘው ነበርና እንቢ አሉ። አለቃቸው «ዕድልህን አትግፋ» ቢሏቸው «እኔ የምጠግነው ብረት ነው፤ ብረት ሰው ይጠብቃል፣ አሮጊት ግን አትጠብቅም» ብለው ተመለሱ። ከአምስቱ ልጆቻቸው ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ አምስቱም ተምረዋል። ሴት ልጅ ለውሃና ለእንጨት ብቻ በምትፈለግበት ዘመን ሁለተኛዋን ልጃቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎናቸው አስቀምጠው መፍቻ በቁጥሩ እያስለዩ ያስተምሩ ነበር፤ «አሥራ ሦስት አምጪ፣ አሥራ ሰባት አምጪ» እያሉ። ያቺ ልጅ ዛሬ የሒሳብ መምህርት ናት።

እንግዲህ አሁን ወደ እኛ ጥፋት እንምጣ።

በዕድራችን ደንብ መሠረት በቀብር ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ደንቡ የቆየ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ዕድር ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንክ ይበቃን ነበር። ቁም ነገሩ ሰው ሆኖ መገኘት፣ ድንኳን መትከል፣ ሬሳ መሸከም፣ ከኀዘንተኛ ጋር መቀመጥ ነው። እንደኛ ባለች የመንገድ ዳር ከተማ፣ ሰው ከመንዝም ከይፋትም ከወሎም ተሰባስቦ በሚኖርባት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ሥር በሚያለቅስባት አገር፣ ያለዚህ ደንብ መኖር ባልቻልንም ነበር።

ጋሼ መካኒክ ግን በቀብር ላይ አይገኙም ነበር። በመዝገባችን ቆጥረናል፤ ከአርባ ጊዜ በላይ ቀርተዋል፣ ከአርባ ጊዜ በላይም ተቀጥተዋል። መጀመሪያ ሃምሳ ሳንቲም፣ ኋላ አንድ ብር፣ ኋላም ከዚያ በላይ። ሁሉንም ከፍለዋል። አንድ ጊዜ እንኳ «ሥራ ላይ ነበርኩ» ብለው አልተከራከሩም። በስብሰባ ላይ «ገንዘብ ስላለው ቀብር አይመጣም፣ በብር ይገላገለናል» ብለን በአደባባይ የተናገርን ሰዎች ነበርን። እሳቸውም ተቀምጠው ሰምተውናል።

በ2014 ዓ.ም ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ እሳቸው የሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ከባለቤታቸውና ከሁለት የልጅ ልጆች ጋር ወደ ደብረ ብርሃን በእግር ሲወጡ አርባ ዓመት የያዙትን የመፍቻ ሣጥን ትተው ትንሹን ልጅ አዘሉ። ሲመለሱ ሣጥኑ የለም። «ብረት ነው» አሉና ዝም አሉ። የዚያ ዳገት ብርድ ግን ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ አልጋ ያዙ።

ደንባችን «በሕመም የቀረ አባል በሁለት ምስክር ያስመዝግብ» ይላል። ባለቤታቸው ከአልጋው ሥር አልተነሡምና አላስመዘገቡም። እኛም ሄደን አልጠየቅንም። ቤታቸው ከዕድሩ ዕቃ ቤት በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ነው፤ ግን አልጠየቅንም። ቅጣቱ ተጠራቀመ። በ2016 ዓ.ም ባረፉ ጊዜ ለቤተሰቡ ከሚሰጠው የቀብር ገንዘብ ላይ ሦስት መቶ ሰማንያ ብር ውዝፍ ቅጣት ቀንሰን፣ የቀረውን በፖስታ አድርገን፣ ለባለቤታቸው በድንኳኑ ውስጥ ሰጠን። ፈርመው ተቀበሉ። አላለቀሱም፣ አልተናገሩም። እንደ ደንቡ ሠራን ብለን ወጣን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከሮቢት መጡ። ከጋሼ መካኒክ ጋር ብዙ ዓመት የሠሩ የዶዘር ኦፕሬተር ነበሩ። ለቅሶ ከደረሱ በኋላ ተቀምጠው የሚያጫውቱት አንድ ነገር አነሡ። በአንድ የክረምት ሌሊት ከአርማኒያ በላይ ገደሉ ተንዶ መንገዱ ተዘጋ። ከታች የቆሙት መኪናዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሮቢት ያረፉ የአንዲት እናት አስከሬን ይዞ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣ የጭነት መኪና ነው። ዶዘሩ ተጠርቶ መጣ፤ ግማሽ መንገድ ከጠረገ በኋላ ቆመ። የናፍታው ፓምፕ ነበር የተበላሸው። ጋሼ መካኒክ ዝናብ እየወረደ፣ ኦፕሬተሩ ፋኖስ ይዞላቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሥሩ ተኝተው ፓምፑን ፈታተው ገጠሙት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነሣ። መንገዱ ተከፈተ፤ አስከሬኑም አለፈ። «እኔ 'ና፣ ቀብሩ የናንተ ዕድር ነው አሉ፣ ከመኪናው ጋር ሂድ' ብዬው ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ «'ገደሉ ገና አላረፈም፣ ዶዘሩን ትቼ ብሄድ ከኋላ የሚመጣው ሰው ምን ይሆናል?' አለኝና ቀረ።»

እኛ መዝገቡን አወጣን። ያቺ እናት የአባላችን እናት ነበሩ። ቀብራቸው ላይ ተገኝተናል፤ እናስታውሳለን፣ አስከሬኑ አርፍዶ መጣ ብለን ያጉረመረምንም አለን። በዚያ ቀን ከቀሩት አባላት ስም ዝርዝር ውስጥ በሦስተኛው ተራ ላይ ጋሼ መካኒክ አሉ። በአጠገቡም «ሃምሳ ሳንቲም፣ ተከፈለ» ይላል።

ወገኖቻችን፣ ይህንን ስናነብ ምን እንደተሰማን መግለጽ አይቻለንም። ያች አንዷ ቀን ናት። ሌሎቹ አርባ ምን ያህሎቹ ቀኖች ምን እንደነበሩ የሚነግረን ሰው አሁን የለም። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ እህል የጫኑ መኪናዎች በዚሁ ዳገት ወደ ወሎ ሲሄዱ ከቀሩባቸው ቀኖች ብዙዎቹ የዚያ ዓመት እንደሆኑ ግን መዝገቡ ያሳያል።

ባለቤታቸውን ሄደን ጠየቅን። «ለምን አልነገሩንም?» አልን። እሳቸውም እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ እኔም ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ተናገር እንጂ ሰው ያማሃል ብዬዋለሁ። 'እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ ካልኩ፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነበርኩ ይላል፤ ሬሳውን ማን ይሸከማል?' ይለኝ ነበር። 'ቅጣቱ ለዕድሩ ገባ እንጂ ለሌባ አልገባ' ይል ነበር።»

የቀነስነውን ገንዘብ ልንመልስላቸው ይዘን ሄደን ነበር። አልተቀበሉንም። «ገንዘቡ ይቅር። የሌላ ሰው ሚስት ግን በድንኳን ውስጥ ቁጭ ብላ የባሏን ቅጣት እንዳትሰማ አድርጉ» አሉን። በሕይወታችን ከሰማናቸው ወቀሳዎች ሁሉ የከበደን ይህ ነው፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው ያቀርባል።

አንደኛ፣ በሕዝብ አገልግሎት ላይ ሆኖ፣ ይኸውም መንገድ ሲጠግን፣ ሕሙም ሲያስታምም፣ መብራት ወይም ውሃ ሲቀጥል፣ ተረኛ ሆኖ ሲጠብቅ ከቀብር የቀረ አባል እንዳይቀጣ፤ ይልቁንም በመዝገቡ ላይ «ሥራ ላይ» ተብሎ እንዲጻፍለት። ጋሼ መካኒክ የፈሩት ነገር እውነት ስለሆነ የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት ያረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ አባል ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ቅጣት ከመጻፉ በፊት ከኮሚቴው ሁለት ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሻል?» ብሎ እንዲጠይቅ። ምስክር ማምጣት የታማሚው ሥራ መሆኑ ቀርቶ መጠየቅ የእኛ ሥራ እንዲሆን።

ሦስተኛ፣ ከቀብር ገንዘብ ላይ ቅጣት መቀነስ ፈጽሞ እንዲቀር። ውዝፍ ካለ ከአርባ ቀን በኋላ ከቤተሰቡ ጋር በክብር ይታይ።

የቀነስነው ሦስት መቶ ሰማንያ ብር በልዩ ሒሳብ ተቀምጧል። ጉባኤው ከፈቀደ ለዕድሩ አንድ ፋኖስና አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪ ለመግዛት የጎደለውን ከኮሚቴው አባላት ኪስ እንሞላለን። በሌሊት ሬሳ ሲመጣ የሚያበራ ይሆናል።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን። ነገ በአውቶቡስ ተሳፍራችሁ ጣርማበርን ስታልፉ ዋሻውን ማን እንደቆፈረው ትጠይቁ ይሆናል። መንገዱ እስከ ዛሬ ያልተዘጋው ግን ስማቸው በየትኛውም ድንጋይ ላይ ባልተጻፈ ሰዎች እጅ ነው። ከእነርሱ አንዱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ከእኛ ጋር ንፍሮ ቆርጥመዋል፣ በእኛም ተቀጥተዋል። እጃቸውን በአመድ ሳያጠቡ ልጅ አቅፈው አያውቁም።

ጋሼ መካኒክ፣ ይቅር ይበሉን።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። በዓመቱ የተለዩንን ሁሉ ነፍስ ይማር። አሁን ከመቀመጫችን ተነሥተን የኅሊና ጸሎት እናድርስ፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ ሐሳቦች በድምፅ ይወሰኑ።